የተማሪ መጽሔት እንደ ፎቶግራፍና የዲጂታል ዲዛይን መማሪያ



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ያቀረቡት ጥሪ ተማሪዎች የፎቶግራፍና የዲጂታል ዲዛይን ሙያን በምን መንገድ ቢማሩ ይሻላል የሚል ጥያቄ የያዘ ነው። ዲጂታል ዲዛይን ሲባል ጽሑፍን፣ ፎቶግራፍንና ቀለምን በኮምፒውተር በአንድ ገጽ ላይ አደራጅቶ ለአንባቢ የማቅረብ ሥራ ማለት ነው። የዚህ ዲስኩር መልስ ከወዲሁ ቢታወቅ ለአድማጭ ይቀላልና እንዲህ ይባላል፦ ካሜራን በአንድ ኮርስ፣ ኮምፒውተርን በሌላ ኮርስ ለየብቻ ከማስተማር ይልቅ፣ ተማሪዎች አንድ መጽሔት ከሐሳቡ እስከ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ራሳቸው እንዲያዘጋጁ ማድረግ የተሻለ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ፎቶው የት ገጽ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ፎቶውን የሚያነሳው በሌላ ዓይን ነው፤ ፎቶውን ራሱ ያነሳ ተማሪም ገጹን የሚሠራው በሌላ ጥንቃቄ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመገባቱ በፊት ሙያው በዚህ አገር እስከ ዛሬ እንዴት ሲተላለፍ እንደኖረ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የፎቶ ቤት ሙያ ነበር፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሲያነሳ የኖረው ቦያጂያን የተባለው የአርመን ቤተሰብ ዕውቀቱን ከአባት ወደ ልጅ እንዳስተላለፈ ሁሉ፣ በየከተማው የነበሩ ፎቶ ቤቶችም በጨለማ ክፍል ውስጥ ረዳቶቻቸውን ሥራው ላይ እያዋሉ ያሠለጥኑ ነበር። የተማሪ ኅትመት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያወጧቸው የነበሩ ጽሑፎች አገር እስከ መነቅነቅ ቢደርሱም፣ ብዙዎቹ በስቴንስል ወረቀት በታይፕራይተር ተመትተው በማባዣ መኪና የሚወጡ ስለነበሩ ፎቶግራፍ ለማስተናገድ አይመቹም ነበር። በየትምህርት ቤቱ ያሉት የግድግዳ ጋዜጣና የሚኒ ሚዲያ ክበብም የዚሁ ልማድ ወራሾች ናቸው፤ ተማሪው መጻፍና መናገር ይለማመድባቸዋል እንጂ ማየትና ገጽ ማደራጀት እምብዛም አይማርባቸውም። ስለዚህ የፎቶው ሙያ በፎቶ ቤት፣ የጽሑፉ ሙያ በትምህርት ቤት ተነጣጥለው ቆይተዋል ቢባል ከእውነት አይርቅም። የተማሪ መጽሔት ሁለቱን የሚያገናኝ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ብርሃን ነው፤ ከሁሉም ሰፋ አድርጎ መታየት ያለበትም እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን የራቀች ከተማ በመሆኗ፣ በእኩለ ቀን የምትወርድባት ፀሐይ ከአናት በላይ የምትቆምና የበረታች ናት። በ6 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ መሐል ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ተማሪ ግንባሩና አፍንጫው ሲያበራ ዓይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ይዋጣሉ። ይህን ተማሪ ሦስት እርምጃ ወደ ክፍሉ በረንዳ አስገብቶ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ማቆም ብቻ ፎቶውን ይለውጠዋል፤ ከሜዳው የሚመለሰው ለስላሳ ብርሃን ፊቱን እኩል ያጥበዋልና። ማለዳ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት የሚገኘው ገደድ ያለ ብርሃንም ለዚሁ የተመቸ ነው። ለዚህ ሁሉ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነው።

ካሜራው ብርሃንን የሚቆጣጠርባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አፐርቸር የሚባለው በሌንሱ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ሲሆን፣ ተማሪውን መጀመሪያ ላይ የሚያደናግረው ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው የሚሰፋ መሆኑ ነው፤ በ2.8 የሚገባው ብርሃን በ8 ከሚገባው እጅግ ይበልጣል፤ ከሰውየው በስተጀርባ ያለውም ነገር የበለጠ ይደበዝዛል። የመዝጊያ ፍጥነት ካሜራው ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንደሚቀበል የሚወስን ነው፤ ኳስ የሚመታ ተማሪን በአየር ላይ አቁሞ ለማስቀረት የሰከንድ 1/500ኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። አይኤስኦ የሚባለው ሦስተኛው ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላው የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ከፍ ባለ ቁጥር በጨለማ አዳራሽ ውስጥም ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል።

እነዚህን ሦስቱን ማንም አሠልጣኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያስረዳ ይችላል። ጥቁር ሰሌዳው የማያስረዳው ግን የሚከተለውን ነው። ለበዓል ነጠላ የለበሰች ተማሪ በካሜራ ፊት ስትቆም፣ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚገምት በመሆኑ፣ የነጠላውን ንጣት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይተረጉመውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመዳም ይሆናል፤ የልጅቷ ፊትም ከጨለማ ይቀላቀላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልክ ከሆነ በመስታወቱ ላይ ፊቷን ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ፣ በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማካካሻውን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ጥቁርና ጠይም ፊትን በአግባቡ አለማሳየት የፊልም ዘመን ውርስም አለበት፤ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያቀርበው የነበረውና «ሸርሊ» በሚል ስም የሚታወቀው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ስለነበር፣ ትክክለኛ የሚባለው የቆዳ ቀለም የእሷ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ መጽሔቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይታያል። በስልክ ላይ ፎቶ የሚታየው አንድ በአንድ ነው፤ ጣት አሳልፎት ይሄዳል። በመጽሔት ገጽ ላይ ግን የ12 ተማሪዎች ፊት ጎን ለጎን ሲደረደር፣ አንደኛው ከቀትር ፀሐይ፣ ሌላው ከክፍል ጨለማ፣ ሦስተኛው ከፍላሽ ብርሃን የመጣ መሆኑ በአንድ እይታ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ብዙ መናገር አይጠበቅበትም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ካሜራቸውን ይዘው ተመልሰው ይወጣሉ። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች እንደሚያደርጉት ፊትን በኮምፒውተር ማንጣት ግን የዚህ ችግር መፍትሔ አይደለም፤ የተነሺውን መልክ መካድ ነውና በተማሪ መጽሔት ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ ምርጫ ነው። ፎቶ ማንሳት የሥራው ግማሽ ሲሆን፣ ከተነሱት መካከል መምረጥ ሌላው ግማሽ ነው። በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር የሚጠቀስ አንድ እውነተኛ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በአፓላቺያ ተራሮች አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ፎክስፋየር» የተባለ የተማሪዎች መጽሔት ተጀመረ። ተማሪዎቹ የመቅጃ መሣሪያና ካሜራ ይዘው ወደ አካባቢያቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እየሄዱ የግንድ ቤት አሠራርን የመሰለውን የቆየ ሙያ በቃልና በፎቶ ይመዘግቡ ነበር፤ ከመጽሔቱ የተሰበሰቡት ጽሑፎችም እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ መልክ ታትመው በመላ አገሪቱ በሰፊው ተነበዋል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ለፎቶግራፍ ትምህርት ያለው ጥቅም፣ የእጅ ሙያ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ በመሆኑ ከደረጃዎቹ የትኛው በቃል እንደሚበቃ፣ የትኛው ያለ ፎቶ እንደማይገባ ተማሪው እንዲወስን ማስገደዱ ነው።

ይኸው ሥራ ወደዚህ አገር ሲመጣ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የሸክላ ምጣድ የምትሠራ እናት ጭቃውን ስታቦካ፣ ስትዘረጋ፣ ስትልግና ስታደርቅ፣ በመጨረሻም የተተኮሰውን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ የተነሱ 200 ፎቶዎች በተማሪው እጅ አሉ እንበል፤ መጽሔቱ ግን ለጉዳዩ የሰጠው 2 ገጽ ብቻ ነው፤ ከ6 ፎቶ በላይም አይችልም። ያን ጊዜ የሚነሳው ክርክር፣ ማለትም የሴትዮዋ ፊት ጎመን ዘሩን ከያዘው እጇ ይቅደም ወይስ ይከተል፣ ሁለት ተመሳሳይ ፎቶዎች ለምን ይገባሉ፣ ምጣዱ ምን ያህል ስፋት እንዳለው የሚያሳየው የትኛው ነው የሚለው፣ ከማንኛውም የፎቶግራፍ መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። ትልቁ ጉድለትም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሁሉም ፎቶ ከአንድ ርቀት፣ ከቆመ ሰው ዓይን ከፍታ የተነሳ ሆኖ ይገኛል። ከሩቅ ቦታውን፣ ከመካከል ሰውየውን፣ ከቅርብ እጁን ማንሳት እንደሚገባ ተማሪው የሚረዳው ባዶ የቀረው የገጹ ክፍል ሲጠይቀው ነው።

ከምርጫ ጋር ፈቃድ ይነሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ቦታ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ለተደረጉ ሥነ ሥርዓቶችና የሕዝብን ጥቅም ለሚነኩ ጉዳዮች፣ እንዲሁም ለትምህርትና ለባህል ዓላማ ለሚውል ሥራ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። የትምህርት ዓላማ ቢኖርም ምጣድ ሠሪዋን እናት «ፎቶዎ በመጽሔታችን ላይ ይውጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅና እትሙ ሲወጣ አንድ ቅጂ ማድረስ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ከኢንተርኔት የተገኘን ፎቶ አንስቶ መለጠፍም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን የሚመለከት ጉዳይ መሆኑን ተማሪው ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ገጹ ነው፤ የዲጂታል ዲዛይን ትምህርትም በዋናነት የሚጀምረው እዚህ ነው። የኤ4 ገጽ 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚያስፈልግ ገጹን የሚሞላ ፎቶ 2480 በ3508 ፒክስል ያህል መሆን አለበት። ፒክስል የዲጂታል ምስል የተሠራባት ደቃቃ የቀለም ነጥብ ናት። ተማሪዎች ፎቶ የሚለዋወጡት አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው፤ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ደግሞ ይጨመቃል፤ ረጅም ጎኑ 1280 ፒክስል የሆነ ፎቶ በ300 ነጥብ ሲታተም 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በስልክ መስታወት ላይ ጥርት ብሎ የታየው የሽፋን ፎቶ በወረቀት ላይ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶውን በፋይል መልክ መላክ ወይም በፍላሽ ዲስክ ማቀባበል ችግሩን ያቃልለዋል፤ ይሁን እንጂ ይህን ምክር ተማሪ የሚያስታውሰው አንድ ጊዜ የደበዘዘ ሽፋን ካየ በኋላ ነው።

የግዕዝ ፊደል ለገጽ ሠሪ የሚያቀርበው ፈተናም ከላቲኑ የተለየ ነው። ፊደሉ ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ርእስን ከሐተታ፣ ንዑስ ርእስን ከፎቶ መግለጫ መለየት የሚቻለው በመጠን፣ በውፍረትና በባዶ ቦታ ነው። ቃሎቹ ደግሞ መነሻና መድረሻ እየጨመሩ ይረዝማሉ፤ «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለው ብቻውን 12 ፊደል ነው። ተማሪው የውጭ መጽሔት አይቶ የኤ4 ገጹን በሦስት ቀጫጭን ዓምዶች ከፍሎ ሁለቱንም ጠርዝ እኩል ሲያደርገው፣ ረጅሙ ቃል ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድና በቀሩት ቃሎች መካከል እንደ ተነቀለ ጥርስ ያለ ክፍተት ይተዋል። የብራና ጸሐፍት ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ቃልን ከቃል የሚለያቸው ሁለት ነጥብ ስለነበር ቃሉን መስመሩ ባለቀበት ቦታ ቆርጠው ይሻገሩ ነበር። ሁለት ነጥቡ ቀርቶ ባዶ ቦታ በተተካበት በዛሬው አጻጻፍ ግን እንዲህ የተቆረጠ ቃል ሁለት ቃል ይመስላል። ስለዚህ ለአማርኛ መጽሔት ሁለት ዓምድ፣ የግራው ጠርዝ ብቻ እኩል የሆነ፣ በመስመሮቹም መካከል ጠቀም ያለ ክፍተት ያለው አሠራር ይመረጣል። የእንግሊዝኛውን ልማድ ተከትሎ የግዕዝ ፊደልን ማዝመምም አይመከርም፤ ፊደሉ ለዚያ አልተቀረጸምና።

ስለ ፊደሉ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ የመጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ይህ አደጋ ዛሬም አልጠፋም፤ ከማተሚያ ቤት ደጃፍ የሚመለሱ ክበባት ይኖራሉና። ጽሑፉን ሁሉ በዩኒኮድ መጻፍ፣ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ በነጻ የሚገኙ ፎንቶችን መጠቀም፣ ያለቀውንም ሥራ ፎንቶቹን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ማስረከብ ተገቢ ነው። ፕሮግራሙን በተመለከተ ኢንዲዛይንና ፎቶሾፕ በሙያተኞች ዘንድ የተለመዱ ቢሆኑም፣ በነጻ የሚገኙት ስክሪበስና ጊምፕ ለተማሪ መጽሔት ከበቂ በላይ ናቸው።

አራተኛውን ጉዳይ፣ ኅትመትን፣ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በመካከሉ በስፌት ሽቦ የሚታሰር መጽሔት የገጹ ቁጥር በ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ በ16 ገጽ መጽሔት ውስጥ ገጽ 1 እና ገጽ 16 በአንድ ወረቀት አንድ ገጽታ ላይ ጎን ለጎን የሚታተሙ መሆናቸውን ተማሪው የሚያምነው 4 ወረቀት አጥፎ ቁጥር ሲጽፍባቸው ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ፎቶ በየጠርዙ 3 ሚሊሜትር ተርፎ መዘጋጀት አለበት፤ አለዚያ መቁረጫው ነጭ መስመር ይተዋል። የኮምፒውተር ስክሪን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን፣ ማተሚያው ደግሞ በአራት ቀለማት ስለሚሠራ፣ በስክሪን ላይ የሚያበራው የዩኒፎርም ሰማያዊ ሹራብ በወረቀት ላይ ደፍረስ ብሎ መውጣቱ አይቀርም። ቀድሞ አንድ ናሙና ገጽ ማሳተም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚያደርሰው ወደ አንድ ትዝብት ነው። በዚህ አገር በየዓመቱ በብዛት የሚዘጋጀው የተማሪ ኅትመት የዩኒቨርሲቲ የምረቃ መጽሔት ነው። ኮሚቴ ይመረጣል፤ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ፎቶ ቤት ተጠርቶ ተመራቂውን ሁሉ በአንድ መጋረጃ ፊት፣ በአንድ ጋውን፣ በአንድ አቋቋም ያነሳል፤ ተመራቂው «ላስት ወርድ» የሚባለውን ቀልዱንና ምስጋናውን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ የቀረውን የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ሠራተኛ ይጨርሰዋል። በመካከሉ የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የጋዜጠኝነትና የሥነ ጥበብ ተመራቂዎች አሉ፤ ሆኖም ከመካከላቸው አንድ ገጽ የሠራ፣ አንድ ፎቶ የመረጠ እምብዛም አይገኝም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ታትሟል፤ ትምህርቱ ግን ለማንም አልደረሰም። ይህ ብክነት ነው ለማለት ማቅማማት አያስፈልግም።

ማስተካከያው ፎቶ ቤቱን ማባረር አይደለም። የየተመራቂው ፎቶ እንደ ወትሮው በባለሙያ ይነሳ፤ ከመጽሔቱ 16 ገጽ ግን ለተማሪዎቹ ይተው፤ የመኝታ ክፍሉን፣ የቤተ መጻሕፍቱን የፈተና ሌሊት፣ የካፌውን ሠልፍ፣ የግቢውን ዘበኛና የምግብ ቤቱን ሠራተኞች ራሳቸው አንስተው፣ መግለጫውን ራሳቸው ጽፈው፣ ገጹን ራሳቸው አደራጅተው ያስረክቡ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ሚኒ ሚዲያው በዓመት ሁለት እትም ቢያወጣ ይበቃል። የሥራ ክፍፍሉ ግን መጠንቀቅን ይጠይቃል፤ ጎበዝ ነው የተባለው አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ሌሎቹ ከኋላው ቆመው የሚያዩበት ክበብ አንድ ዲዛይነር እንጂ አንድ ክበብ አላሠለጠነም። እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ ጉዳይ ከፎቶው እስከ ገጹ ራሱ ይዞ ይጨርስ።

ስለዚህ ጥሪው ለሦስት ወገን ነው። ርእሳነ መምህራን የወረቀትና የማባዣ ወጪን በዓመታዊ ዕቅዳቸው ያስገቡ፤ መጽሔቱ የሚወጣበትንም ቀን ይቁረጡ፤ የተቆረጠውን ቀን አያራዝሙ። የክበባት ተጠሪ መምህራን የተበላሸን ገጽ ራሳቸው ከማረም ይልቅ ስሕተቱን አሳይተው ለተማሪው ይመልሱ። ተማሪዎች ደግሞ ካሜራ እስኪገዛ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ እስኪታደስ አይጠብቁ፤ 2 የኤ4 ወረቀት ከመካከል ታጥፎ 8 ገጽ ይሆናል፤ ለመጀመሪያው እትም እሱና አንድ ስልክ ይበቃሉ።